ቴዲ ቤር ልትሰፊ ከሆነ ጨርቁን ገልብጠሽ እዪው

ጥያቄ፦ «የልጆች ልብስ እሰፋለሁ፤ ማሽኑም ልምዱም አለኝ። ለልደት የሚሆኑ ቴዲ ቤሮች ሠርቼ ለመሸጥ አስቤ ከመርካቶ ሁለት ሜትር ቡናማ ፀጉራም ጨርቅ ገዛሁ። ሲነኩት እንደ ቅቤ ነው። የሰፋሁት ድብ ግን ፊቱ ተጣመመ፣ አንዱ እግሩ ከሌላው ረዘመ፣ አንገቱ ላይ የሞላሁት ፋይበር ወጥቶ ይታያል፣ ስፌቱ ዙሪያውን ራሰ በራ ሆነ። ጀርመን ያለች ጓደኛዬ ‹እውነተኛ ቴዲ ቤር የሚሠራው ከሞሄር፣ ከፍየል ፀጉር ጨርቅ፣ ብቻ ነው፣ ልላክልሽ?› አለችኝ። ላስልክ? ወይስ እዚሁ ባለው፣ በጋቢ ወይም በበግ አጎዛ ልሞክር? የመጀመሪያውን የምሰጠው ስድስት ወር ለሞላት ለእህቴ ልጅ ነው። እባክዎ አንድ ጨርቅ ይምረጡልኝ።»

ሞሄሩን አታስልኪ። አሁን አያስፈልግሽም። ጓደኛሽ ለምን እንደዚያ እንዳለች በኋላ እመለስበታለሁ። ግን የገጠመሽን ችግር ሞሄር አይፈታውም። በያዝሽው አካሄድ በሞሄር ብትሰፊውም ድቡ ራሰ በራ መሆኑ አይቀርም፤ ኪሳራው ብቻ ይበዛል።

ስለ ጨርቁ የነገርሽኝ ሁለት ነገር ነው፦ ቀለሙን እና ልስላሴውን። ሁለቱም የፊቱ ጉዳይ ናቸው። ስለ ጀርባው አንድም ቃል የለም። የልብስ ሰፊ ልማድ ነውና አልፈርድብሽም። ልብስ ሰውነት ላይ ይንጠለጠላል፤ ድብ ግን ከውስጥ ይገፋል። ፋይበሩን ጠቅጥቀሽ ከሞላሽበት ቀን ጀምሮ ጨርቁ ቀንና ሌሊት እንደተወጠረ ይኖራል። ያንን ግፊት የሚችለው ጀርባው ነው። ፀጉሩማ ጌጥ ነው።

ፀጉራም ጨርቅ ገልብጠሽ ስታዪው ከሁለት አንዱን ታገኛለሽ። ወይ እንደማንኛውም ሸማ ድርና ማግ ያለው፣ የተሸመነ ጀርባ ነው። ወይ ደግሞ እንደ ሹራብ የክር ቀለበቶች የተያያዙበት ጀርባ ነው። ገበያ ላይ በርካሽ የምታገኚው አብዛኛው ሁለተኛው ነው። የአንቺም እሱ እንደሆነ ከምልክቶቹ አውቄዋለሁ። አሁኑኑ ልትፈትሺው ትችያለሽ። ጀርባው ላይ በሳሙና አሥር ሳንቲ ሜትር አስምሪና በሁለት እጅሽ ወደ ጎን ሳቢው። መስመሩ አሥራ ሦስት ከገባ የሹራብ ጀርባ ነው። ከዚያ ደግሞ በቁመቱ ሳቢው። በዚህኛው በኩል ብዙም አይላወስም። የተሸመነ ጀርባ ከሆነ በሁለቱም በኩል ንቅንቅ አይልም፤ የሚለጠጠው ሰያፍ ስትስቢው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ረዘመው እግር እንምጣ። ጨርቅ ለመቆጠብ ብለሽ አንዱን እግር በቁመቱ፣ ሌላውን በወርዱ አስቀምጠሽ ቆርጠሻል። እርግጠኛ ነኝ። በወርዱ የተቆረጠው እግር ሲሞላ ወደ ርዝመቱ ተሳበ። በቁመቱ የተቆረጠው ደግሞ ወደ ጎን ወፈረ። ሁለቱ አንድ ንድፍ ቢሆኑም አንድ እግር ሊሆኑ አይችሉም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግን ንፉግ አያደርገውም። ሁሉም ቁራጭ፣ ጆሮም ሳይቀር፣ በአንድ አቅጣጫ ይቀመጣል። የማይለጠጠው በኩል በድቡ ቁመት፣ የሚለጠጠው በሆዱ ዙሪያ ይሁን። ድብ ሆዱ ቢነፋ ያምርበታል። አንገቱ ከተሳበ ግን ግመል ይሆናል።

ፊቱ የተጣመመበት ምክንያት ሌላ ነው፤ የብዙ ሰው ችግርም እሱ ነው። የድብ ጭንቅላት ሦስት ቁራጭ ነው፦ ሁለት ጉንጮች፣ እና ከአፍንጫ ተነሥቶ በግንባር አልፎ እስከ ማጅራት የሚሄድ የመሐል ቁራጭ። ማሽንሽ የታችኛውን ጨርቅ በጥርሱ ይዞ ይጎትታል። የላይኛውን ደግሞ እግሩ ተጭኖት ወደ ኋላ ያስቀረዋል። ስስ ፖፕሊን ላይ ይሄ አይታወቅም። ፀጉር ለፀጉር የተጋጠመ ጨርቅ ላይ ግን ሁለቱ ፊቶች እርስ በርስ ይንሸራተታሉ። አንዱን ጉንጭ ከአፍንጫ ወደ ማጅራት፣ ሌላውን ከማጅራት ወደ አፍንጫ ከሰፋሽው አንዱ ጎን ወደፊት፣ ሌላው ወደኋላ ይሄዳል። አፍንጫው ወደ ጆሮው ያፈጥጣል። ስለዚህ ሁለቱንም ጉንጭ ከአፍንጫው ጀምረሽ ወደ ማጅራት ስፊ። ከዚያ በፊት ደግሞ በእስፒል ብቻ አትተማመኚ፤ በመርፌና በክር ጣል ጣል አድርገሽ አያይዢው። ለጭንቅላቱ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብሻል። ግማሽ ሰዓቱን ስጪው። ሰው ድብ የሚገዛው ፊቱን አይቶ ነው።

ራሰ በራው የመጣው ከመቀሱ ነው። ጨርቁን እጥፍ አድርገሽ በትልቁ መቀስ ቆርጠሻል አይደል? መቀሱ ጀርባውን ሲቆርጥ ከሥሩ ያለውን ፀጉርም አብሮ አጨደው። ስፌቱ ዳር ላይ የቀረው ፀጉር ግማሽ ቁመት ብቻ ነው። ትክክለኛው መንገድ ጨርቁን በአንድ ንብርብር ፀጉሩን ወደ ታች ዘርግቶ፣ ንድፉን ጀርባው ላይ ሥሎ፣ በትንሽ ሹል መቀስ ጫፍ ጀርባውን ብቻ እየነከሱ መሄድ ነው። የመቀሱ የታችኛው ስለት ከጀርባው ጋር ተጣብቆ በፀጉሩ ሥር ይሂድ። ምላጭም ይሠራል፤ ጀርባውን ብቻ ጫር እያደረግሽ። ስትጨርሺ ሁለቱን ቁራጮች ቀስ ብለሽ ስትለያዪያቸው ፀጉሩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ እየተላቀቀ ይለያያል። ቁመቱ እንዳለ ነው። ያን ጊዜ በትክክል እንደቆረጥሽ ታውቂያለሽ።

አንገቱ ላይ የወጣው ፋይበር የመለጠጡና የስፌቱ የጋራ ጥፋት ነው። የሹራብ ጀርባ ሲወጠር ቀለበቶቹ ይከፈታሉ። ስፌትሽም ለልብስ እንደለመድሽው ሦስት ሚሊ ሜትር ከሆነ በየመሐሉ አፉን ይከፍታል። ለድብ ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል ሚሊ ሜትር አድርጊው። አንገትና የእግር መጋጠሚያ ላይ ደግሞ ሁለቴ ስፊ።

እንግዲህ ሞሄር። ሞሄር ከአንጎራ ፍየል የሚገኝ ፀጉር ነው፤ አንጎራ የዛሬዋ አንካራ የቀድሞ ስሟ ነው። አንጎራ ከሚባለው ጥንቸል ጋር አታምታቺው፤ ያ ሌላ ነው። ለድብ የሚሸጠው ጨርቅ ጥብቅ ሆኖ ከተሸመነ የጥጥ ጀርባ ላይ ይህ ፀጉር የተተከለበት ነው። ጀርባው አይለጠጥም። ፀጉሩ ያብረቀርቃል፣ ጠንካራ ነው፣ ቢደፈጠጥም ተመልሶ ይነሣል። ጓደኛሽ ያለችበት አገር ከዚህ ነገር ጋር የቆየ ዝምድና አለው። እ.ኤ.አ. በ1902 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሚሲሲፒ ውስጥ ለአደን ወጥተው የታሰረ ድብ አልተኩስም ማለታቸውን ጋዜጣ በካርቱን ሣለው። «ቴዲ» የሚለው ስም የመጣው ከእሳቸው ነው። በዚያው ዓመት ጀርመን ጊንገን ከተማ ውስጥ የሽታይፍ መጫወቻ ፋብሪካው ሪቻርድ ሽታይፍ የሞሄር ድብ ነደፈ። በ1903ም ላይፕዚሽ ባዛር ላይ ቀረበ። ያኔ የሞሄር ጨርቅ ለወንበርና ለሶፋ ልባስ ይመረት ስለነበር እጃቸው ላይ ነበረ። ፖሊስተር ያኔ አልነበረም። «ድብ ማለት ሞሄር» የሚለው ወግ የመጣው ከዚህ ነው። ዛሬ የሰብሳቢዎች ድብ፣ መስታወት ሣጥን ውስጥ የሚቀመጠው፣ አሁንም በሞሄር ይሠራል። ልጅ የሚጎትተውና በየሳምንቱ የሚታጠብ ድብ ግን ሞሄር አይፈልግም። አስቂኙ ነገር የዓለም ሞሄር በብዛት የሚመጣው ከደቡብ አፍሪካ ነው። ጓደኛሽ በሻንጣ የምታመጣልሽ ቁራጭ ከአፍሪካ ሄዶ፣ አውሮፓ ተሸምኖ፣ ተመልሶ አዲስ አበባ የገባ ሊሆን ይችላል።

ዋጋውም ቀልድ አይደለም። አውሮፓ ውስጥ እንኳ ብዙ ጊዜ በሜትር ሳይሆን 50 በ70 ሳንቲ ሜትር እየተቆረጠ ነው የሚሸጠው። ብል ይወደዋል። አምስት ስድስት ድብ ሰፍተሽ ጭንቅላቱ ሁለቴ በተከታታይ ቀጥ ብሎ ሲወጣልሽ ያን ጊዜ አንድ ቁራጭ አስልኪ። የሚያስይዝ ደንበኛ ካገኘሽ ዋጋውን ይመልሳል።

እዚህ ነጋዴ «ሞሄር ነው» ቢልሽ ደግሞ ቃሉን ብቻ አትመኚ። ከፀጉሩ ጥቂት ነቅለሽ በወረንጦ ይዘሽ፣ ውሃ ያለበት ሳህን ላይ ሆነሽ ለኩሺው። የእንስሳ ፀጉር ከሆነ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈርሳል። ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል። ፖሊስተር ወይም አክሪሊክ ከሆነ ይቀልጥና ደረቅ ጠጠር ይሆናል። ድብልቅ ጨርቅ ላይ ውጤቱ ይምታታል። ሙሉ ፖሊስተሩን «ሞሄር» ብሎ የሚሸጥልሽን ግን ወዲያው ታውቂዋለሽ።

ጋቢን በተመለከተ ያለ ገበር አይሆንም። የእጅ ሽመና ነው፤ ድርና ማጉ ላላ ያለ ነው። ከቆረጥሽው ደቂቃ ጀምሮ ጠርዙ ይተረተራል። ስትሞዪው ፋይበሩ በየቀዳዳው ብቅ ይላል። ይሁን እንጂ አንድ ቦታ ላይ ጋቢን የሚተካ የለም። የአያት ወይም የአባት ጋቢ ለማስታወሻ የሚሰፋ ከሆነ። እንዲህ ያለ ሥራ ከመጣልሽ መጀመሪያ ጋቢውን እጠቢው፤ ጥጥ ይሰበሰባል። ጀርባውን በአቡጀዴ ገብሪው፣ የስፌት ትርፉን አንድ ሙሉ ሳንቲ ሜትር ተዪለት፣ ጥለቱን ለሆዱ ወይም ለመዳፉ አስቀሪው። እኔ አንዴ ሳላጥብ ቆርጬ ሰፋሁ። ደንበኛዋ ወስዳ አጠበችው። ድቡ ተጨማዶ ሽማግሌ ሆኖ ተመለሰ። ሰውዬውን ይመስላል ብላ ሳቀች፤ እኔ ግን ሌላ ሰፍቼ ሰጠኋት።

የመንዝ ባና ከጋቢ ይሻላል። የበግ ሱፍ ስለሆነ ጠበቅ ይላል፤ ቀለሙም የድብ ቀለም ነው። ግን ያሳክካል። ለመደርደሪያ ድብ እንጂ ለሕፃን ጉንጭ አይሆንም። አጎዛውን እርሺው። ቆዳ ላይ መርፌ የወጋው ቀዳዳ አይደፈንም፤ ስፌቱን ብታጠብቂው እንደ ቴምብር ይቀደዳል። በደንብ ያልለፋ ከሆነ ደግሞ ክረምት ሲመጣ ሽታው ቤቱን ይይዘዋል። መታጠብም አይችልም።

ስለ ሰልባጅ ያልጠየቅሽኝ ገርሞኛል። ለጀማሪ ከሁሉ የሚሻለው ጨርቅ እዚያ ነው ያለው። ወፍራም የሱፍ ካፖርት ፈልጊ። ውስጡ ያለውን ምልክት አንብቢ፤ ሱፉ ከመቶ ሰማንያ በላይ ይሁን። ገበሩን ፍቺውና ካፖርቱን በሙቅ ውሃና በሳሙና በደንብ እሺው። ሱፍ በሙቀትና በመታሸት ይሰበሰባል፣ ይጠብቃል፣ ይወፍራል። ሲደርቅ ጠርዙን ብትቆርጪው የማይተረተር፣ የማይለጠጥ፣ እንደ ቆዳ ምንጣፍ ጥቅጥቅ ያለ ነገር ይሆንልሻል። ፀጉር የለውምና የፀጉር አቅጣጫ አያስጨንቅሽም። የሰፋሽው ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ስሕተትሽንም ጨምሮ። ለመማሪያ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ከአንድ ካፖርት ሦስት አራት ድብ ይወጣል። አንዳንድ ሱፍ ግን በማሽን እንዲታጠብ ተብሎ የታከመ ነው፤ ብታሺውም አይሰበሰብም። መጀመሪያ ትንሽ ቁራጭ ከውስጥ ቆርጠሽ ሞክሪ።

«አንድ ጨርቅ ይምረጡልኝ» ላልሽው፣ ለሽያጭ ለምትሰፊው መልሴ ይህ ነው፦ ፀጉሩ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ፣ ጀርባው የማይለጠጥ ወይም በጥቂቱ ብቻ የሚለጠጥ የፖሊስተር ፀጉራም ጨርቅ። ፀጉሩ ከስድስት እስከ አሥር ሚሊ ሜትር ይሁን። ረጅም ፀጉር ሱቅ ውስጥ ያማልላል። ሠላሳ አምስት ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ድብ ላይ ግን ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ፀጉር ካለ አፍንጫውም ዓይኑም ይዋጣል፤ የድብ ሳይሆን የመጥረጊያ መልክ ይይዛል። ከሃያ ሳንቲ ሜትር በታች ለሆነ ትንሽ ድብ ስድስት ሚሊ ሜትርም ይበዛል፤ ከፋይ ውሰጂለት።

ሱቅ ስትገቢ እንዲህ አድርጊ። ጨርቁን ገልብጪ። አውራ ጣትሽን ከጀርባው ገፍተሽ ፊቱን እዪ። ፀጉሩ ተከፍሎ ጀርባው ፍንትው ብሎ ከታየ ተዪው፤ ድቡ ጉንጩ ላይ እንዲያ ነው የሚሆነው። ፀጉሩን በሁለት ጣት ቆንጥጠሽ ጎተት አድርጊ። ጣትሽ ላይ ከቀረ ልጅ አፍ ውስጥም ይቀራል። ነጋዴው ከተቆጣ ሌላ ሱቅ አለ። ሁለት ሜትር አንዴ አትግዢ። ለሠላሳ አምስት ሳንቲ ሜትር ድብ 50 በ70 ሳንቲ ሜትር ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ግማሽ ሜትር ገዝተሽ አንድ ድብ ሰፍተሽ ከወደድሽው ተመለሺ። ስትመለሺ ግን ቁራጩን ይዘሽ ሂጂ፤ ያው ቀለም ከሌላ ጥቅል ሲመጣ ይለያል።

የማይለጠጥ ጀርባ ካጣሽ፣ ታጪያለሽም፣ ራስሽ ትሠሪዋለሽ። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የሸሚዝ አንገትጌ ውስጥ የምታስገቢውን በካውያ የሚለጠፍ ማጠንከሪያ፣ ስሱንና የተሸመነውን፣ ጀርባው ላይ መለጠፍ ነው። ፎጣ ዘርግተሽ ፀጉሩን ወደ ታች አድርጊ። ካውያው ዝቅተኛ ይሁን፤ በላዩም ስስ ጨርቅ ጣል አድርጊበት። ፖሊስተርና አክሪሊክ ሙቀት ሲበዛባቸው ፀጉራቸው ይኮማተርና እንደ ተቃጠለ ፕላስቲክ ይሻክራል፤ መመለሻም የለውም። ቁራጭ ላይ ሳትሞክሪ ዋናውን እንዳትነኪ። ሁለተኛውን መንገድ እኔ እመርጠዋለሁ። እያንዳንዱን ቁራጭ በታጠበ አቡጀዴም ትቆርጪና ከጀርባው ጋር ዳር ዳሩን በእጅ ታያይዢዋለሽ። ከዚያ ሁለቱን እንደ አንድ ጨርቅ ትሰፊያቸዋለሽ። ስፌቱ ትንሽ ይወፍራል። ግን ካውያ የለ፣ ማቃጠል የለ፣ ፋይበሩም አንድ ተጨማሪ ግድግዳ አገኘ።

ንድፍሽን በካርቶን ቁረጪና እያንዳንዱ ላይ ቀስት ሣዪ። ጨርቁን እንደ ድመት ዳሺው። እጅሽ ሳይቸገር የሚሄድበት አቅጣጫ ፀጉሩ የተኛበት ነው። ቀስቱ ከዚያ ጋር ይገጥማል። ሆዱና ጀርባው ላይ ወደ ታች፣ እጅና እግሩም ላይ ወደ መዳፉ ይወርዳል። የአፍንጫ አካባቢው ላይ ብዙ ሰፊዎች ፀጉሩ ከአፍንጫው ወደ ዓይን እንዲሄድ ያደርጋሉ፤ የውሻ ፊት እንደዚያው ነው። አንድ ንብርብር ስለምትቆርጪ ደግሞ እያንዳንዱን ንድፍ አንዴ በፊቱ፣ አንዴ ገልብጠሽ መሣልሽን አትርሺ። እኔ የመጀመሪያ ሞሄሬን ስቆርጥ ሁለት የግራ ጉንጭ ቆርጬ ቁጭ አልኩ። ሁለተኛው ጉንጭ ከየትም አልመጣም። ለመሣያ ጨለማ ጀርባ ላይ ሳሙና ይበቃል። ቢክ አትጠቀሚ፤ ነጭና ክሬም ድብ ላይ ሲታጠብ ቀለሙ ወደ ፊት ይወጣል።

ስትሰፊ ሁለቱ ቁራጮች መሐል ያለውን ፀጉር በእስፒል ጫፍ ወደ ውስጥ እየገፋሽ ስፊ። የስፌት ትርፉ ስድስት ሚሊ ሜትር ይሁን። ከጨረስሽ በኋላ ገልብጠሽ ስፌቱ የያዘውን ፀጉር በወፍራም መርፌ አንድ በአንድ አውጪው። መጀመሪያ የምታዪው እንደ ጠባሳ ያለ መስመር ነው። ሁለት ደቂቃ ስታወጪ መስመሩ ይጠፋል። ይቺን ሥራ የሚዘል ሰው ድቡ ለምን ፋብሪካ እንደማይመስል ሲጠይቅ ይኖራል።

ክሩ ፖሊስተር ይሁን፤ የጥጥ ክር ግፊቱን አይችልም። መርፌው ዘጠና ቁጥር፣ ለሹራብ ጀርባ ደግሞ ጫፉ ክብ የሆነው። ከሞላሽው በኋላ የድቡን ጀርባ ለመዝጋትና ዓይን ለማሰር ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበትን ጠንካራ ክር ውሰጂና ጧፍ ላይ ሁለት ሦስቴ አሻሺው። ሰሙ ይይዘዋል፤ አይፈታም። መሙያው የትራስ ፋይበር ነው። ጥጥ ይጓጎላል፣ ታጥቦም ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል። የስፖንጅ ቁርጥራጭ ደግሞ ከጊዜ በኋላ ዱቄት ይሆናል። ለመዳፉ ከዚያው ካፖርት የተረፈሽ ሱፍ በቂ ነው።

አሁን የእህትሽ ልጅ። እዚህ ላይ አልደራደርም። ለእሷ ፀጉራሙን ጨርቅ አትጠቀሚ። ወፍራም ፍሊስ ግዢ፤ የሕፃናት ብርድ ልብስ የሚሠራበት ለስላሳው። እሱም ይለጠጣል፤ የአቅጣጫው ሕግ እዚህም ይሠራል። ግን አይተረተርም፣ የሚነቀል ረጅም ፀጉር የለውም፣ ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል። ዓይኑንም አፍንጫውንም በክር ጥለፊው። ቁልፍ የለም፣ ዶቃ የለም፣ አንገቱ ላይ ሪባን የለም። ከኋላ በቀለበት የሚቆለፈው የፕላስቲክ ዓይን «ለሕፃን ይሆናል» ተብሎ ይሸጣል። ቀለበቱ ሲይዝ ጨርቁ ከተለጠጠ ግን ዓይኑ ከነቀለበቱ ሾልኮ ይወጣል። ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች መጫወቻ ሲመረመር የሚያገለግል አንድ ትንሽ ሲሊንደር አለ፤ የአፉ ስፋት 31.7 ሚሊ ሜትር ነው። ተነቅሎ እዚያ ውስጥ የሚገባ ነገር ሁሉ ሊያንቅ ይችላል ተብሎ ይጣላል። የካፖርት ትልልቅ ቁልፎች እንኳ ብዙዎቹ ይገባሉ። ሌላው፣ አንድ ዓመት እስኪሞላት ድቡ አልጋዋ ውስጥ አያድር። ለስላሳ ነገር ሁሉ ፊት ላይ ሊያርፍ ይችላል። ነቅታ፣ ሰው አጠገቧ እያለ ትጫወትበት። ለእህትሽ ይህን በቃል ንገሪያት፤ ስጦታ ነው ብለሽ አትፈሪ።

ስለ እሳትም ልጨምር። ልደት ላይ ሻማ አለ። ቡና ሲፈላ ከሰሉ ወለል ላይ ነው፤ ልጅና ድቡም ወለል ላይ ናቸው። ፖሊስተርና አክሪሊክ እሳት ሲነካቸው ይቀልጡና ቆዳ ላይ ይጣበቃሉ። ፀጉሩ ረጅምና ላላ ያለ ጨርቅ ደግሞ ነበልባሉን ፊቱ ላይ ቶሎ ያስሮጠዋል። አጭርና ጥቅጥቅ ያለውን የመረጥኩልሽ ለመልኩ ብቻ አይደለም። ጓደኛሽ ጀርመን ውስጥ እንድትሸጥልሽ ካሰብሽም እወቂው፦ አውሮፓ ኅብረት ውስጥ የሚሸጥ መጫወቻ የሲ.ኢ. (CE) ምልክት፣ የደኅንነት መስፈርት ማሟላቱን የሚያሳይ፣ ሊኖረው ይገባል፤ የእጅ ሥራ መሆኑ ነፃ አያወጣውም። ምልክቱን ለመለጠፍ ድቡ የእሳትንም የሚነቀል ዕቃንም መስፈርት ማሟላቱ መረጋገጥ አለበት። እዚህ ሠርተሽ በሻንጣ ልኮ ገበያ ማውጣት እንደሚመስለው ቀላል አይደለም።

እጅሽ ላይ የቀረውን ጨርቅ አትጣዪው። ድብሽ ሠላሳ አምስት ሳንቲ ሜትር አካባቢ ከሆነ ለስድስት ወይም ለሰባት የሚሆን ተርፎሻል። ፀጉሩ ሲቆነጠጥ የማይነቀል ከሆነ በአቡጀዴ ገብረሽ ስፊው። ከዚያ በፊት ግን ያንን ጠማማ ድብ ፍቺው። ሁለቱን እግሮች ገልብጠሽ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስተኚያቸውና የሹራብ ቀለበቶቹ በየትኛው በኩል እንደተሰለፉ እዪ። አንዱ ላይ መስመሩ ወደ መዳፉ ይወርዳል፤ ሌላው ላይ ያቋርጠዋል።